የስማርት ዕቃዎች የንድፍ እሴት ምንድን ነው?

በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ላብራቶሪ ውስጥ አንድ የቡና ማሽን ነበር። ሌላ ፎቅ ላይ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ደረጃ ወጥተው ወርደው ሲደርሱ ብዙ ጊዜ ባዶ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። በ1991 መላ ዘየዱ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ማሽኑ ፊት ለፊት ካሜራ ተከሉና ምስሉ በየኮምፒውተራቸው እንዲታይ አደረጉ። ቡና ካለ ይሄዳሉ፣ ከሌለ ቁጭ። በ1993 ምስሉ ድረ ገጽ ላይ ወጣ፤ ያኔ ዓለም ሁሉ ያየው ጀመር።

ታሪኩ ሲወራ የሚወራው እንደ ቀልድ ነው። እኔ ግን የንድፍ እሴት ምን እንደሆነ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ካሜራው የሚመልሰው ጥያቄ አንድ ነው፦ ቡና አለ ወይስ የለም? መልሱ የሚጠቅመው ቡናውን የሚጠጡትን ሰዎች ነው። ማን ስንት ኩባያ እንደቀዳ የሚመዘግብ የለም።

«የነገሮች ኢንተርኔት» የሚለው ስም የመጣው ቆየት ብሎ ነው። የቴክኖሎጂ ባለሙያው ኬቨን አሽተን በ1999 ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ለተባለው የቤት ውስጥ ፍጆታ ዕቃዎች አምራች ባዘጋጀው ገለጻ ላይ ተጠቀመበት። አምፖል፣ የበር ቁልፍ፣ የእጅ ሰዓት፣ የልጆች መጫወቻ ኔትወርክ ውስጥ ገብቶ መረጃ ሲልክና ትእዛዝ ሲቀበል ማለት ነው። የንድፍ እሴት የሚባለው ከዚያ በፊት መነሳት ያለበት ጥያቄ ነው። ዕቃው ለምን ይገናኛል? ለማን ተብሎ? መልሱን ካርቶኑ ላይ አታገኙትም። ዕቃውን ሳትገዙት በፊት ንድፍ አውጪው በወሰናቸው ጥቃቅን ነገሮች ውስጥ ተደብቋል።

አምፖልን እንውሰድ። ስልካችሁ ላይ «አብራ» ስትሉ ትእዛዙ በሁለት መንገድ ሊሄድ ይችላል። አንዱ በቤቱ ዋይፋይ አድርጎ ቀጥታ አምፖሉ ጋ ይደርሳል። ሌላው ከቤት ወጥቶ፣ የትና የት ያለ የኩባንያ ሰርቨር ጋ ደርሶ ይመለሳል። ሁለት ሜትር ላይ ያለ አምፖል ለማብራት ውቅያኖስ መሻገር! ሁሉ ነገር ደህና ሲሆን ልዩነቱ አይታወቅም። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ግን የመጀመሪያው ይበራል፣ ሁለተኛው ዝም ይላል። ኩባንያው ሰርቨሩን ከዘጋማ በቃ፣ አለቀለት። ሬቮልቭ የተባለው የቤት መቆጣጠሪያ የገጠመው ይኸው ነው። 300 ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር። ኩባንያውን ኔስት የተባለ ሌላ የስማርት ዕቃዎች አምራች ገዛው፤ በግንቦት 2016 አገልግሎቱ ተዘጋ። ዕቃው አልተሰበረም፣ አልተቃጠለም፤ ግን ከዚያ በኋላ የመደርደሪያ ጌጥ ሆኖ ቀረ። በ2022 የወጣው ማተር የተሰኘው የጋራ መስፈርት ዕቃዎች እዚያው በቤቱ ኔትወርክ እንዲነጋገሩ ማድረጉ ደስ የሚለኝ ለዚህ ነው።

አንዳንዱ ዕቃ ደግሞ መገናኘቱ ራሱ ምክንያት የለውም። ጁሴሮ የሚባል የጭማቂ መጭመቂያ ነበር። ሲጀምር ዋጋው 699 ዶላር ነበር። ዋይፋይ ይፈልጋል። የጭማቂውን ከረጢት ኮድ አንብቦ ቀኑ ያለፈበት ከሆነ አልጨምቅም ይላል፤ ቀኑ እኮ ከረጢቱ ላይ ተጽፏል። በ2017 የብሉምበርግ ጋዜጠኞች ከረጢቱን በእጃቸው ጨመቁት። ወጣ! በዚያው ዓመት ኩባንያው ሽያጩን አቆመ።

እንዲህ ያለው ቢያንስ የሚጎዳው ገዢውን ብቻ ነው። የፓስወርድ ጉዳይ ግን ጎረቤትም ይነካል። ሚራይ የተባለው ጎጂ ሶፍትዌር ያደረገው ነገር ረቂቅ አልነበረም። ከፋብሪካ ሲወጡ የሚሰጡ 60 ገደማ የተለመዱ ስምና ፓስወርዶችን ይዞ ካሜራዎችንና ራውተሮችን አንድ በአንድ ሞከረ። ብዙዎቹ ከፈቱለት። በጥቅምት 2016 እነዚያ ዕቃዎች በአንድ ላይ፣ ኮምፒውተሮች የድረ ገጾችን አድራሻ የሚጠይቁትን ዳይን የተባለውን ኩባንያ በግንኙነት ጥያቄ አጥለቀለቁት፤ ትዊተርና ኔትፍሊክስ ለብዙ ሰው አልከፍት አሉ። የካሜራዎቹ ባለቤቶች ምንም አልታያቸውም፤ ካሜራቸው እንደወትሮው እየሠራ ነበር። ባለቤቱ ፓስወርዱን ስላልቀየረ ነው ማለት ይቀላል። ነገር ግን አንዳንዶቹ ዕቃዎች ላይ ቢፈልግም መቀየር አይችልም ነበር። ብሪታንያ ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ ለሁሉም አንድ ዓይነት የሆነ በቀላሉ የሚገመት ፓስወርድ ይዞ መሸጥን በሕግ ከልክላለች። ሻጩ ዕቃው እስከ መቼ የደህንነት ማሻሻያ እንደሚያገኝም መናገር አለበት።

መስማትና ማየት የሚችል ዕቃ ሲሆን ጉዳዩ ይከብዳል። ግድግዳ ጆሮ አለው ይባል የነበረው ለምሳሌ ነበር፤ አሁን የምር ሆነ። ጀርመን በ2017 ካይላ የተባለችውን አሻንጉሊት ከገበያ አገደች። ማይክሮፎን አላት፤ የብሉቱዝ ግንኙነቷ ግን ጥበቃ ስላልነበረው አጠገብ ያለ ማንም ሰው ሊገባበት ይችል ነበር። ሕጉ ያያት እንደ ስውር የስለላ መሣሪያ ነው። ወላጆችም እንዲያስወግዷት ተነገራቸው። የግላዊነት ኮሚሽነር የነበረችው አን ካቩኪያን በካናዳዋ ኦንታሪዮ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ስትወተውት የነበረው ይህንኑ ነው፦ ግላዊነት ከመጀመሪያው ንድፉ ውስጥ ይግባ፣ ኋላ የሚለጠፍ አይሁን።

ብዙም የማይወራ አንድ ነገር ልጨምር። ዲዛይነሮች «ተጠቃሚ» ሲሉ አንድ ሰው ያስባሉ። ቤት ውስጥ ግን ብዙ ሰው አለ። አፑን የጫነው ሰው በሩን ይከፍታል፣ ካሜራውን ያያል፣ ማን መቼ እንደገባ ያውቃል። ሚስት፣ ልጅ፣ የቤት ሠራተኛ፣ እንግዳ ይህን ሁሉ አያውቁም። ባልና ሚስት ሲጣሉ ወይም ሲፋቱ ያ ስልክ ትልቅ ሥልጣን ነው። ካሜራው ሲቀዳ የምትበራ ትንሽ መብራት ማድረግ፣ ወይም ሌንሱን የሚሸፍን መክደኛ መጨመር፣ አፑ የሌላቸውንም ሰዎች ቆጥሮ መንደፍ ነው።

የካምብሪጁ ካሜራ በ2001 ተዘጋ። ካሜራው ሲያሳየው የነበረው የመጨረሻው የቡና ማሽን ለጨረታ ቀረበና የጀርመኑ የዜና ድረ ገጽ ሽፒግል ኦንላይን በ3,350 ፓውንድ ገዛው። ተጠገነና ቡና ማፍላቱን ቀጠለ።