በገዛ አባቱ ደጅ

ሰላም ለእናንተ ይሁን የተዋሕዶ ልጆች። ጥቅምት 14 ሲመጣ አብዛኞቻችን አቡነ አረጋዊ ብለን ነው የምንሄደው፣ ደስ ይላል፣ ግን በዛው ቀን ጻድቁ ገብረ ክርስቶስ መርዓዊም እንደሚታሰብ ብዙ ሰው ልብ አይልም። መርዓዊ ማለት ሙሽራ ማለት ነው እኮ! የቁስጥንጥንያው ንጉሥ የቴዎዶስዮስ ልጅ ሆኖ በሠርጉ ሌሊት ሙሽሪትን ተሰናብቶ ወጣ፣ አርማንያ ሄዶም በእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ለማኝ ሆነ። አባቱ ፈልጉልኝ ብሎ የላካቸው አገልጋዮች እዛ ድረስ ሄደው ምጽዋት ሰጥተውት ተመለሱ፣ አላወቁትም።

እኔን ሁሌ የሚያስለቅሰኝ ግን መሄዱ ሳይሆን መመለሱ ነው። ከ15 ዓመት በኋላ የተሳፈረባትን መርከብ እግዚአብሔር ወደ ሀገሩ መለሳትና እሱም አባቱን እንደ ማንም ምስኪን አስጠጋኝ ብሎ ለመነው፣ ከዛ እዛው ደጅ ላይ ሌላ 15 ዓመት! እስቲ አስቡት፣ እናትና አባቱ ልጃችን የት ገባ እያሉ እያለቀሱ በሱ በኩል ያልፋሉ፣ ሚስቱም ታልፋለች፣ እሱ ያያታል እሷ አታውቀውም፣ አገልጋዮቹ ደግሞ የሳህን እጣቢ ይደፉበታል። ውሾቹ ናቸው ቁስሉን የሚልሱለት። ቤቱ ሁሉ የሚፈልገው ያንን ያማረ ልብስ የለበሰውን ልዑል ስለሆነ በረሃብና በቁስል የተጎዳውን ፊት ቀና ብሎ ያየ የለም። «የእርሱ ወደ ሆነው መጣ፥ የገዛ ወገኖቹም አልተቀበሉትም» የሚለው የዮሐንስ ወንጌል እዚህ ጋር ይመጣብኛል።

ሲያርፍ ታሪኩን የጻፈበት ወረቀት በእጁ ነበር። ሲነበብ ሚስቱ ምን ተሰማት ይሆን? በዛ በር ስንት ሺህ ጊዜ ወጥታ ገብታለች!

እኔ ሐዋሳ ገብርኤል ነው የምሳለመው። በ19 ደጁ በሰው ይሞላል፣ ከባጃጅ ወርደን ሳንቲም እየዘረዘርን፣ አይናችን ግን ወደ ውስጥ ነው፣ ጌታን ልናገኝ ቸኩለን ማለት ነው። አንድ አባት አሉ፣ ሁሌ አንድ ቦታ የሚቀመጡ፣ እኔም ሁሌ ብር ጣል አድርጌ የማልፋቸው። ባለፈው ይሄን ገድል ካነበብኩ በኋላ ሄጄ አጠገባቸው ቁጭ አልኩና የክርስትና ስማቸውን ጠየቅኳቸው። ከስድስት ዓመት በኋላ። ነገሩኝ፣ ከዛ ቀስ ብለው «ያንቺስ ማነው ልጄ?» አሉኝ።