ስኳርና ዓይን፦ ለድሬና ለሐረር ሰው አጠቃላይ ዳሰሳ

ስኳር በሽታ ዓይንን ሚጎዳው በዋናነት ሬቲና ላይ ነው፣ ሬቲና ማለት ከዓይን ኋላ ያለው ብርሃን ሚቀበለው ስስ ሽፋን ነው። እዛ ያሉት ቀጫጭን የደም ስሮች ስኳር ለዓመታት ሲበዛባቸው ይዳከማሉ፣ ፈሳሽና ደም ያሾልካሉ፣ ሲደፈኑ ደግሞ በምትካቸው በቀላሉ ሚደሙ አዳዲስ ስሮች ይበቅላሉ፣ እነሱም ሬቲናውን ጎትተው ሊያላቅቁት ይችላሉ። ዲያቤቲክ ሬቲኖፓቲ ሚባለው ይሄ ነው። ክፋቱ አያምም፣ ዓይን አያቀላም፣ ሰው ጥርት አድርጎ እያየ ውስጡ ተጎድቶ ሊገኝ ይችላል፣ «ስኳር ዓይኔን በላው» ተብሎ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ደም ፈሷል ወይ ማኩላ (መሀል ዕይታን ሚሰጠው ቦታ) አብጧል። የዓይን ሞራና ግላኮማም (ብዙ ጊዜ ዓይን ውስጥ ግፊት ጨምሮ የማየት ነርቭን ሚጎዳ በሽታ) ስኳር ያለበት ሰው ላይ ይበዛሉ።

ኢንሱሊን እ.ኤ.አ. በ1921 ከመገኘቱ በፊት ዓይነት 1 (ሰውነት ኢንሱሊን ማምረት ሚያቆምበት የስኳር በሽታ) ያለበት ሰው ዓይኑ እስኪጎዳ ድረስ በሕይወት አይቆይም ነበር።

ስኳርን መቆጣጠር ዓይንን እንደሚጠብቅ ትልቁ ማስረጃ የመጣው እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 1993 አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ዓይነት 1 ያለባቸው 1,441 ሰዎች ላይ በተሰራው ጥናት ነው። ስኳራቸውን አጥብቀው የተቆጣጠሩት፣ ሲጀምሩ ዓይናቸው ያልተነካ ከነበረ፣ ሬቲኖፓቲ የመያዝ ዕድላቸው በ76 በመቶ ቀንሷል፣ የጀመራቸውም ላይ መባባሱ በግማሽ ገደማ ቀንሷል። ዋጋው ግን ነበረው፣ ከባድ የስኳር መውረድ በዝቶባቸዋል፣ አንዳንዱም ላይ ስኳሩ በፍጥነት ሲወርድ መጀመሪያ አካባቢ ዓይኑ ትንሽ ብሶበት ነበር፣ ለዛ ነው ስኳሩ በጣም ከፍ ብሎ የቆየ ሰው መድኃኒት ሲጠናከርለት ዓይኑም አብሮ መታየት ያለበት። ዓይነት 2 (ሰውነት ኢንሱሊንን በደንብ የማይጠቀምበት፣ በብዛት ሚታየው የስኳር በሽታ) ላይ ደግሞ እንግሊዞች የሰሩት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1977 ተጀምሮ በ1998 ውጤቱ ወጣ፣ ከ5,000 በላይ ሰው ነው የተከታተሉት፣ ስኳርን መቆጣጠር የቀጫጭን ደም ስር ጉዳትን በ25 በመቶ ሲቀንስ ደም ግፊትን አጥብቆ መያዝ ደግሞ የሬቲና መባባስን በ34 በመቶ ቀንሷል። ግፊት ለዓይን እንደዚህ ወሳኝ መሆኑን እኛ ጋ ብዙ ሰው አያወራም፣ ሁሉም ስለ ስኳር ብቻ ነው ሚያስበው።

ምርመራው መቼ ነው? ዓይነት 2 ያለበት በሽታው በታወቀበት ሰሞን፣ ዓይነት 1 ያለበት በ5 ዓመት ውስጥ፣ ከዛ በኋላ ሐኪም ሌላ ካላለ በዓመት አንዴ። ስኳር ያለባት ሴት ካረገዘች በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ትታይ። ድንገት ጥቁር ነጠብጣብ ከበዛ ወይ መጋረጃ የወረደ ከመሰለ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ በዛው ቀን መሄድ ነው።

ድሬ ላይ ድል ጮራና ሳቢያን፣ ሐረር ላይ ጁገልና የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ የሆነው ሕይወት ፋና አሉ። ሕይወት ፋና ከሐረሪ አልፎ ከሐረርጌና ከሶማሌ ክልል ሚመጣውን ሰው ሁሉ ሚቀበል ነው፣ የምስራቁ ሰው መመኪያ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሕክምናው እንደ ደረጃው ሌዘር፣ ዓይን ውስጥ ሚሰጥ መርፌ ወይ ቀዶ ጥገና ነው፣ ከዓይን ቀዶ ጥገናው ከባድ ከባዱ ግን ብዙ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ ነው ሪፈር ሚፃፈው።

ጫት ላይ ክርክር አለ፣ ስኳር ያወርዳል ሚልም ያወጣል ሚልም አለ፣ ጥናቶቹም አንድ አይደሉም። ግልፅ የሆነው በርጫ ላይ ሚጠጣው ለስላሳና ስኳሩ የበዛ ሻይ ነው፣ ተበልቶ ሚዋጠው መድኃኒትም ምግብ ሲዘለል አብሮ ይዘለላል። ረመዳን ላይ አፍጥር ሲደርስ ጣፋጩን ሙሸበክ ማን ይተዋል፣ ግን መፆም ያሰበ ሰው ከወር በፊት ከሐኪሙ ጋር መድኃኒቱን ያስተካክል። የድሬ ሙቀትም ኢንሱሊን ያበላሻል፣ የተከፈተው በአብዛኛው ከ30 ዲግሪ በታች ለ4 ሳምንት ገደማ ነው ሚቆየው፣ ፍሪጅ የሌለው ሰው ውሀ የረጠበ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ቢያስቀምጠው ይረዳዋል። ከሙቀት ተበላሽቶ የማይሰራ ኢንሱሊን እየወጉ ስኳሬ ለምን አልወረደም ማለት ዓይንንም መጉዳት ነው።

ለምርመራ ሲኬድ ብሌን ሚያሰፋ ጠብታ ይደረጋል፣ ለሰዓታት ያደበዝዛል፣ ስለዚ ባጃጅ ሚነዳ ሰው በዛ ቀን ስራ አይገባም፣ ጥቁር መነፅር መያዝም ጥሩ ነው፣ የከዚራ ፀሐይ በሰፋ ብሌን አይቻልም። የማየት መነፅር ደግሞ ስኳር ከፍና ዝቅ እያለ ባለበት ሰሞን አይሰራም፣ የዓይን ሌንስ ቅርፁ ስለሚቀያየር ለጥቂት ሳምንታት ከተረጋጋ በኋላ መለካት ይሻላል፣ አለዚያ ብር የወጣበት መነፅር በወሩ አይሆንም።