«ዓመቱ ጥሩ ነው» ሲሏችሁ፦ ስለ አሜሪካ የወርቅ ሳንቲም የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እኛ ወርቅ የምናውቀው በግራምና በካራት ነው። ፒያሳ ወርቅ ቤት ገብቶ ቀለበት ሲመዘን እያየን ነው ያደግነው። አሜሪካ የሚኖር አንድ ወዳጄ የድሮ የወርቅ ሳንቲም መሰብሰብ ሲጀምር ግራ የተጋባውም በዚህ የተነሳ ነው። ሁለት ሳንቲም ፊቱ ተቀምጧል። ክብደታቸው አንድ፣ ወርቃቸው አንድ፣ መልካቸው አንድ። አንዱ ግን የሌላውን ብዙ እጥፍ ይጠየቅበታል።

ሳንቲሙ ባለ 20 ዶላሩ ነው። ቅርጹን ያወጣው ኦገስተስ ሴንት-ጎደንስ ሲሆን የተመረተው ከ1907 እስከ 1933 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። 33.4 ግራም ይመዝናል፤ 90 በመቶው ወርቅ ነው፤ ማለትም 21.6 ካራት። በብዛት ከሚገኘው ከተራው ዓመት ሳንቲም ይልቅ በቀላሉ የማይገኝ ዓመት የተጻፈበትን ነጋዴዎች «ቤተር ዴት» (የተሻለ ዓመት) ይሉታል። ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚሸወደው በዚህች ቃል ነው።

«ጥቂት ከተመረተ ብርቅ ነው»

በጣም የተለመደው ስህተት ይሄ ነው። የ1927ን ቁጥር እዩ። በዚያ ዓመት ሳንቲሙ በሦስት ከተማ ተመረተ፦ ፊላደልፊያ 2,946,750፣ ሳን ፍራንሲስኮ 3,107,000፣ ዴንቨር 180,000። ቁጥሩን ካመናችሁ የሳን ፍራንሲስኮው ከሁሉም ርካሽ መሆን ነበረበት። አይደለም። የፊላደልፊያው ዛሬም እንደልብ ይገኛል። የሳን ፍራንሲስኮው ግን ብርቅና ውድ ነው። ከዴንቨሩ ደግሞ በዓለም ላይ የሚታወቀው ሃያ እንኳ አይሞላም።

ምክንያቱ እሳት ነው። በ1933 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሕዝቡ ወርቁን ለመንግሥት እንዲያስረክብ አዘዙ። ከዚያ በኋላ በመንግሥት ካዝና የተከማቸው ሳንቲም ቀልጦ የወርቅ ጡብ ሆነ። በብዛት የተረፈው ቀደም ብሎ ባሕር የተሻገረው ነው፤ በተለይ አውሮፓ ባንኮች ውስጥ የተቀመጠው። ከፊላደልፊያ ብዙ ወጥቶ ነበር። የሳን ፍራንሲስኮው አብዛኛው ግን ከካዝና ሳይወጣ ቀለጠ። በአንጻሩ የ1908ቱ ሳን ፍራንሲስኮ 22,000 ብቻ ነው የተመረተው፤ ሆኖም ከ1927ቱ ይልቅ ማግኘት ይቀላል። ስለዚህ ሻጩ «እኮ ይህን ያህል ብቻ ነው የተመረተው» ሲላችሁ፣ ስንቱ እንደተረፈ ጠይቁት።

ከተማውን ለማወቅ ማጉያ ያዙ። ነፃነትን የምትወክለዋ ሴት በቀኝ እጇ ችቦ፣ በግራዋ የወይራ ዝንጣፊ ይዛ ትራመዳለች። ታች በስተቀኝ ዓመቱ አለ። ከዓመቱ በላይ «ኤስ» ካለ ሳን ፍራንሲስኮ፣ «ዲ» ካለ ዴንቨር ነው። ምንም ፊደል ከሌለ ፊላደልፊያ። የጤፍ ፍሬ የምታህል ፊደል ናት የዋጋውን ልዩነት ያመጣችው። ከ1907 በፊት በነበረው ዓይነት ላይ ደግሞ ፊደሉን ከጀርባ፣ ከንስሩ ሥር ፈልጉት።

«የቆየ ሁሉ ይወደዳል»

የ1904 ፊላደልፊያ ባለ 20 ዶላር ከ6 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል፤ ዛሬም የተራ ዓመት ዋጋ ነው ያለው። የ1931 ዴንቨር በ27 ዓመት ታናሹ ነው፤ ዋጋው ግን በጣም ይበልጣል።

«ታሽጎ ደረጃ ከተሰጠው በቃ፣ ዓይን ጨፍኖ መግዛት ነው»

ሁለቱ ታዋቂ ደረጃ ሰጪ ድርጅቶች ፒሲጂኤስ (ሥራ የጀመረው በ1986) እና ኤንጂሲ (በ1987) ናቸው። ሳንቲሙን መርምረው ከ1 እስከ 70 ደረጃ ይሰጡና «ስላብ» በሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ያሽጉታል። ጀማሪ ያለ ስላብ ባይገዛ እመርጣለሁ፤ አስመስሎ የተሠራ የወርቅ ሳንቲም ሞልቷል። ግን ደረጃው የባለሙያ አስተያየት ነው። ያው ሳንቲም እንደገና ሲላክ ሌላ ቁጥር ይዞ የሚመለስበት ጊዜ አለ።

ሁለት 63 የተሰጣቸው ሳንቲሞች አጠገብ ለአጠገብ ብታስቀምጡ የምለው ይገባችኋል። የአንዱ ጭረት ከጀርባ ካሉት ጨረሮች መሃል ተደብቋል፤ ካልፈለጋችሁት አይታይም። የሌላው የሴትዮዋ ሆድ ላይ ነው። ቁጥሩ አንድ ይሁን እንጂ እኔ ሁለተኛውን አልገዛም። በስላቡ ላይ ሲኤሲ የተባለው ሌላ መርማሪ ድርጅት አረንጓዴ ምልክት ካለ፣ ሳንቲሙ ለተሰጠው ደረጃ ጠንካራ ነው ብሎ ሌላ ባለሙያ አረጋግጧል ማለት ነው። «ዲቴልስ» የሚል ከተጻፈበት ደግሞ ተወልውሏል ወይም ተጎድቷል። እንዲህ ያለው በርካሽ ይገዛል፤ ስትሸጡትም በርካሽ ነው።

ስላቡ ራሱም በሐሰት ይሠራል። በላዩ ያለውን ቁጥር በድርጅቱ ድረ ገጽ አስገቡ። ፎቶ ካለው ጭረቶቹን አንድ በአንድ አመሳክሩ። ቁጥሩ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ አጭበርባሪ የእውነተኛ ሳንቲም ቁጥር ይገለብጣልና።

«ከፍተኛው ደረጃ ሁሌም ይሻላል»

ተራ ዓመት በ67 ደረጃ ስትገዙ የምትከፍሉት ለቁጥሩ ነው፤ ሳንቲሙ ዝቅ ባለ ደረጃ በየነጋዴው እጅ አለ። ለጀማሪ እኔ የምመክረው ከተራ የተሻለ ዓመት፣ መካከለኛ ደረጃ ነው። 58፣ 62 ወይም 63 ይሁን፤ ፊቱ ንጹሕ፣ ቀለሙ ያልተነካ። «በዚህ ደረጃ ስምንት ብቻ ነው ያለው» ስትባሉም ረጋ በሉ። አንድ ሳንቲም ከስላቡ ወጥቶ እንደገና ለድርጅቱ በተላከ ቁጥር በድርጅቱ ቆጠራ ላይ እንደ አዲስ ሊቆጠር ይችላል።

«ብርቅነቱ አይለወጥም፤ ዋጋውም በመጽሐፍ ተጽፏል»

ኤስኤስ ሴንትራል አሜሪካ የተባለች መርከብ በ1857 ወርቅ እንደጫነች ሰጠመች። በ1980ዎቹ መጨረሻ ስትገኝ ከ5,000 በላይ የ1857 ሳን ፍራንሲስኮ ባለ 20 ዶላር ወጣ፤ ብዙው አዲስ መሳይ። በዚያ ጥራት ቀድሞ ማግኘት የማይታሰብ ነበር። የባንክ ካዝናም ሲከፈት እንዲህ ያደርጋል። ስለዚህ የመጽሐፉን ዋጋ ትታችሁ በቅርብ ጨረታዎች በትክክል የተከፈለውን ተመልከቱ። ከዚያ ሻጩን «ዛሬውኑ ብመልስልህ በስንት ትገዛዋለህ?» በሉት። በሚሸጥበትና መልሶ በሚገዛበት ዋጋ መካከል ያለው ክፍተት ያስደነግጣል።

«ወልወል ቢደረግ ያምርበታል»

ለቀለበት እሺ። ለሳንቲም በፍጹም። አንዴ የተወለወለ ገጽ አይመለስም።

በመጨረሻም የ1933 ባለ 20 ዶላር በጥሩ ዋጋ አለኝ የሚል ከመጣ አትመኑት። 445,500 ተመርቶ ለሕዝብ በሕጋዊ መንገድ አልወጣም፤ ከጥቂቶች በስተቀር ቀለጠ። ግለሰብ በሕግ ሊይዘው የተፈቀደው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በ2021 ኒው ዮርክ ላይ በ18.9 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጧል።