ጅማ ላይ ሳይክል እንዴት ይመዘናል?

ጅማ ውስጥ ያገለገለ ሳይክል ሊገዛ የመጣ ሰው ብዙ ጊዜ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ቴላዮውን (የሳይክሉን ዋና አካል) በአንድ እጁ ይዞ ብድግ ያደርገዋል። ቀለል ካለው ፊቱ ይፈካል። ከከበደው «ይሄማ ብረት ነው» ብሎ ያስቀምጠዋል። ሻጩም ይህንን ያውቃል፤ ገና ሳይጠየቅ «አንሳውና እየው» ይላል። ሚዛን የሚያመጣ የለም። ክንድ ይበቃል።

ክብደት እንዲህ የሚያነጋግረው በከንቱ አይደለም። ከተማዋ ከአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። አዌቱ ወንዝ የሚያልፍበት መሃሉ ለጥ ያለ ነው። ዳር ዳሩ ግን ኮረብታ ነው። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት ጅሬን ከመሃል ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ግን ሽቅብ ነው። ዝናቡም ክረምት እስኪገባ አይጠብቅም። አስፋልቱና ኮብልስቶኑ ሲያልቅ ጭቃ ይቀበልሃል።

የድሮው ባለ ወፍራም ብረት የቻይና ሳይክል፣ ፎኒክስን የመሰለው፣ 20 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ተራው የብረት ማውንቴን፣ ማለትም ለዳገትና ለሸካራ መንገድ የሚሆነው ሳይክል፣ ከ15 እስከ 18 ኪሎ ነው። አሉሚኒየሙ 13 እና 14 ላይ ይውላል። ኮርሳ፣ ማለትም የውድድር ሳይክል፣ ከካርቦን ከተሠራ 7 እና 8 ኪሎ ሊሆን ይችላል። የዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ከ6.8 ኪሎ በታች የሆነ ሳይክል በውድድር ላይ አይፈቅድም። ፅጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ቱር ደ ፍራንስን ሲጋልብም የተዳኘው በዚሁ ደንብ ነው።

ታዲያ ክብደት ያን ያህል ለውጥ ያመጣል? ዳገት ላይ አዎ፣ ግን ሰው እንደሚያወራው አይደለም። 65 ኪሎ የሆነ ልጅ 18 ኪሎ ሳይክል ላይ ሲቀመጥ ድምሩ 83 ነው። 13 ኪሎ በሆነው ቢቀይረው 78 ይሆናል። አምስት ኪሎ ስንል ብዙ ይመስላል፤ ከጠቅላላው ግን 6 በመቶ ነው። በተመሳሳይ ጉልበት 30 ደቂቃ የሚፈጀው ዳገት ሁለት ደቂቃ እንኳ አይቀንስለትም። ሜዳ ላይ ደግሞ ልዩነቱ ከቁጥር አይገባም። እዚያ የሚታገልህ ነፋስ ነው፣ ከነፋሱ ቀጥሎም በደንብ ያልተነፋ ጎማ። ጎማውን ሳያስነፋ ስለ ካርቦን የሚያወራ ሰው ሞልቷል።

ከማንሳት ቀጥሎ የሚመጣው «አሉሚኒየም ነው ወይስ ብረት?» የሚለው ክርክር ነው። ቀለም የተቀባ ቴላዮ በዓይን አይለይም። አንዳንዱ በጥፍሩ ቆርቆር አድርጎ ድምፁን ያዳምጣል። ነገሩን ቁርጥ የሚያደርገው ግን ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት ነው። ቴላዮው ላይ ከተለጠፈ ብረት ነው፤ ተንሸራቶ ከወደቀ አሉሚኒየም ነው። በእርግጥ ብረት መሆን ነውር አይደለም። ብረት ሲሰበር ሰፈር ያለው በያጅ ይበይደዋል። አሉሚኒየም ግን የተለየ ብየዳና እጅ ይፈልጋል። አጋሮ መንገድ ላይ ቴላዮው የተሰነጠቀበት ሰው ይህ ልዩነት ቶሎ ይገባዋል።

ከዚያ ወደ ዕቃው ይገባል። «ሺማኖ ነው» የሚለው ቃል ዋጋ ያስጨምራል። ሺማኖ ግን እ.ኤ.አ. ከ1921 ጀምሮ የሚሠራ የጃፓን ድርጅት ነው፤ ዕቃውም ደረጃ ደረጃ አለው። ለማውንቴን ከታች ቱርኒ አለ፣ ከዚያ አልተስ፣ አሴራ፣ አሊቪዮ፣ ዲዮሬ እያለ ይወጣል። ርካሽ ሳይክል ላይ ብዙ ጊዜ የኋላው ማርሽ ቀያሪ ብቻ ሺማኖ ይሆናል፤ ፍሬኑና ኩሽኔታው (ጎማው የሚሽከረከርባቸው ኳሶች) ከየትም የመጣ ነው። ሰውም አንዷን ጽሑፍ አይቶ ሁሉንም ኦሪጅናል ነው ይላል። በማርሽ ብዛት መኩራራትም አለ። «ባለ 21 ነው!» ከፊት ሦስት፣ ከኋላ ሰባት ባለ ጥርስ ክብ አለው ማለት ነው። ከ21ዱ ብዙዎቹ ተመሳሳይ ኃይል የሚሰጡ ናቸው። አሁን ውድ የሆኑት ማውንቴኖች ከፊት አንድ ባለ ጥርስ ክብ ብቻ ነው ያላቸው።

ጎበዝ ጠጋኝ ግን ማርሽ አይቆጥርም። የፊቱን ጎማ ከመሬት አንስቶ ያሽከረክረዋል፤ በሌላ እጁ ሹካውን ይይዛል። ኩሽኔታው ከተበላ እጁ ላይ እንደ አሸዋ ይንኮሻኮሻል። ቀጥሎ ቸርኬውን (ጎማው የሚገባበትን ክብ ብረት) ይዞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይገፋዋል፤ ከተወዛወዘ ልል ነው። ካቴናውን (ሰንሰለቱን) ከፊተኛው ባለ ጥርስ ክብ ወደ ፊት ይስበዋል። የጥርሱ ግማሽ ከታየ ካቴናው ረዝሟል ማለት ነው፤ ጥርሶቹንም አብሮ በልቷቸው ሊሆን ይችላል። የፍሬኑን ጎማ እስከ ስንት እንዳለቀ፣ ቸርኬው ላይም የቆፈረው መስመር እንዳለ ያያል። ጭቃ ፍሬን ላይ ሲገባ ቸርኬ ይሞርዳልና ጅማ ላይ ይህ ከክብደት ይበልጣል። ቸርኬው ሲረጥብ ሳይክሉ ለመቆም ረዘም ያለ መንገድ ይፈልጋል፤ ከጅሬን ቁልቁል ሲመጡ ይህ ቀልድ አይደለም።

ልጆች የሚወዱት ከኋላም ከፊትም ሞላ ያለውን ነው። ያምራል። ርካሹ ግን ከባድ ነው፣ ፔዳል በተመታ ቁጥር ወደ ላይና ወደ ታች እየነጠረ የአሽከርካሪውን ጉልበት ይበላል። ጠጋኞች ሙድ ይይዙበታል። ሌላው የሚሳቅበት ደግሞ ሳይክሉን ሊያቀል ብሎ ፓራፋንጎውን (የጭቃ መከላከያውን) ፈቶ የሚጥለው ነው። ግማሽ ኪሎ ያህል ያተርፋል። ዝናብ ያገኘው ቀን ከጀርባው እስከ ማጅራቱ የጭቃ መስመር ተሰምሮበት ቢሮ ይገባል።

የአነዳድ ፍርዱ ከዕቃው ይከፋል። ዳገት ላይ ወርዶ የሚገፋ ሰው «ሳይክሉ ነው አንተን የያዘህ?» ይባላል። ቀላል ማርሽ ይዞ ቀስ ብሎ የሚወጣውም አይተርፍም፤ ከባዱን ማርሽ ቆሞ የሚረግጠው ጀግና ይመስላል። ጉልበቱን የሚጎዳው ግን እሱ ነው። ኮርቻን ዝቅ ማድረግም ሌላው መከራከሪያ ነው። ብዙው ሰው ቁጭ ብሎ እግሩ መሬት እንዲነካለት ይፈልጋል። ልምድ ያለው ግን ፔዳሉ ታች ሲደርስ ተረከዙን አሳርፎ እግሩ ቀጥ ማለቱን ያያል፤ ኮርቻውን የሚያቆመው እዚያ ላይ ነው። ሄልሜት ያደረገ «ምን ሆነህ ነው?» ሊባል ይችላል። ሴት ከሆነች ስለ ሳይክሏ ከመጠየቋ በፊት ስለ ራሷ ትሰማለች፤ ይህ ፍርድ ሳይሆን ድንቁርና ነው። ዳገት ላይ የጭነት መኪና ይዞ የሚወጣውን አንዳንድ ልጆች አራዳ ይሉታል። እኔ ግን ሌላ ስም አለኝ፤ እዚህ አይጻፍም።

ከዚህ ሁሉ ወሬ ውጪ ያለው ጭነት የሚያመላልሰው ነው። ከኋላ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ሲጭን 40 ኪሎ ጨመረ። እሱ ጋ ሄዶ ስለ አሉሚኒየም ማውራት ሰሚ የለውም። የሚያየው ፖርቶመጋላው (የዕቃ መጫኛው) የታሰረበትን ብሎንና የኋላውን ቸርኬ ነው። የውድድር ቸርኬ በ20 እና በ24 ሽቦ ይሠራል፤ እሱ 36ቱን ይመርጣል። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ እየጨመቀ የላላ ካገኘ ዋጋ ያስቀንሳል።