የነዳጅና የማገዶ ካርቦን ቆጠራ ከጎንደር ሲታይ

ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ስምምነት አባል እንደመሆኗ የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀቷን እየቆጠረች ታቀርባለች። በዚያ ሪፖርት ጎንደር ለብቻዋ አትታይም። ጭሷ ከአገሩ ድምር ጋር ይደባለቃል። ቆጠራው የቱ ጋ እንደሚጠነክርና የቱ ጋ እንደሚላላ ግን ከዚህች ከተማ ሆኖ ማየት ይቻላል።

ቀላሉ የመኪና ነዳጅ ነው። የአሰብ ማጣሪያ ሥራ ካቆመ ወዲህ ቤንዚኑም ናፍጣውም ተጣርቶ ከውጭ ይገባል። አስገቢው የኢትዮጵያ ነዳጅ አቅራቢ ድርጅት ስለሆነ ሰነዱ አለ። ቆጣሪው በጎንደር አራዳና ማራኪ ክፍለ ከተሞች የሚርመሰመሰውን ባጃጅ አንድ በአንድ መከተል አይጠበቅበትም። የገባውን መጠን በልቀት መለኪያ ያባዛል፣ አለቀ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲነድ 2.3 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል፤ ናፍጣ ደግሞ 2.7 ገደማ። ጋዙ ከነዳጁ በላይ የሚመዝነው ካርቦኑ ሲነድ ከአየር ኦክስጅን ስለሚወስድ ነው።

ማደያ ላይ ሰልፉ ሲረዝም ቤንዚን በሀይላንድ እየተቀዳ መንገድ ዳር ይሸጣል። ይህ ኪስ ይጎዳል እንጂ የአገሩን ድምር አያዛባም፤ በአንደኛው ባጃጅ ባይነድ በሌላው ይነዳል። በጄሪካን ድንበር ከተሻገረ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሌላ አገር የነደደው በኢትዮጵያ ስም እንደተመዘገበ ይቀራል።

አውሮፕላንም የራሱ ደንብ አለው። ከአዲስ አበባ ወደ አዘዞ፣ ወደ ጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ፣ ለሚደረግ በረራ የነደደው ነዳጅ በአገሩ ድምር ይገባል። ከቦሌ ወደ ውጭ የሚበርረው ለብቻው ይጻፋል እንጂ አይደመርም።

ከባዱ ማገዶ ነው። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ብትሆንም ቤት በማሞቂያ የሚያሞቅ ብዙ የለም። እሳቱ ለምጣድ፣ ለወጥና ለቡና ነው። ባህር ዛፉም፣ ጭራሮውም፣ ኩበቱም ያለ ደረሰኝ ይገባል። ከቆላ በማዳበሪያ ተሞልቶ የሚመጣው ከሰል ደግሞ ብዙውን ጭስ እዚያው ትቶ ነው የሚመጣው። በአፈር ተሸፍኖ ሲከሰል አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከአምስት ኪሎ በላይ እንጨት ሊፈጅ ይችላል፤ ሚቴን የተባለው ሙቀት አማቂ ጋዝም ይወጣዋል።

የአየር ንብረት ለውጥን የሚያጠናው የተባበሩት መንግሥታት የሳይንስ ቡድን (አይፒሲሲ) በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መሠረት ከእንጨት የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በኢነርጂ ድምር ውስጥ አይገባም። የሚታየው በደን መዝገብ፣ ዛፉ ሲቀንስ ነው። ከእንጨቱ ጭስ በኢነርጂ በኩል የሚደመሩት ሚቴንና ናይትረስ ኦክሳይድ ብቻ ናቸው። ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠር የተደረገ ነው፤ ምክንያቱ ያስኬዳል። ነገር ግን የኢነርጂውን ሰንጠረዥ ብቻ ያየ ሰው የአገሩ ጭስ ከመኪና ብቻ የሚወጣ ይመስለዋል። የኢትዮጵያ መንግሥት የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ራሱ ግን በ2010 እ.ኤ.አ. ከነበረው 150 ሚሊዮን ቶን ገደማ ልቀት ለትራንስፖርት የሰጠው 3 በመቶ ያህል ነው። ከ85 በመቶ በላዩ የግብርናና የደን ነበር።

እንጨት በጉምሩክ ስለማያልፍ መጠኑ የሚገመተው በቤተሰብ ጥናት ነው። ጠያቂው ብዙ ጊዜ «በዋናነት የምትጠቀሙት ማብሰያ ምንድን ነው?» ይላል። እንጀራውን በኤሌክትሪክ ምጣድ ጋግራ፣ ወጡን በከሰል ሠርታ፣ መብራት ሲጠፋ ወደ ማገዶ የምትመለስ እናት መልሷ «መብራት» ከሆነ ከሰሉም እንጨቱም ከቅጹ ውጭ ይቀራሉ።