የኩዊልት ብሎክ ቀድሞ መሞከር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኩዊልት ሲሰራ ትናንሽ ጨርቆች ተቆርጠው ይገጣጠሙና ብሎክ የሚባለው ካሬ ይወጣል፣ ከዛ ብሎኮቹ እርስ በርስ ተሰፍተው የአልጋ ልብስ ያክላሉ። አዲስ ዲዛይን ስትጀምሩ ሙሉውን ጨርቅ ሳትቆርጡ መጀመሪያ አንድ ብሎክ ሰርታችሁ እዩ ሲባል ብዙ ሰው አይዋጥለትም፣ የሚሰጠው ምክንያት ደሞ አብዛኛው ልክ አይደለም።

"ጨርቅና ጊዜ ማባከን ነው።" 30 ብሎክ ላለው ስራ አንድ ብሎክ የሚፈጀው ጨርቅ ኢምንት ነው፣ ሁሉንም ቆርጣችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ግን ልኩ ስህተት ከሆነ አጥሮ የተቆረጠ ጨርቅ ተመልሶ አይረዝምም። ጊዜውንም ቢሆን የምታውቁት በዚሁ ነው፦ አንዱ 2 ሰዓት ከወሰደ 30ው ወደ 60 ሰዓት ይጠጋል፣ እጃችሁ ሲፈታ ትንሽ ቢቀንስም። ቀን ተቆርጦለት መድረስ ያለበት ስጦታ ከሆነ ይሄን ቀድሞ ማወቅ ትልቅ ነገር ነው።

"የስፌት መኪናዬ እግር (ጨርቁን ከላይ የሚጫነው ብረት) ሩብ ኢንች ስለሆነ ስፌቴ ልክ ነው።" ብዙ ስራ የሚበላሸው እዚህ ጋ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። በኩዊልት ለስፌት የሚተወው ትርፍ ሩብ ኢንች ነው፣ ከ6 ሚሊሜትር ትንሽ አለፍ ይላል። ችግሩ ጨርቁ ተሰፍቶ ሲታጠፍ እጥፋቱ ራሱ ትንሽ ይበላል፣ ክሩም ቦታ ይይዛል፣ ስለዚ ማስመሪያ ላይ ድፍን ሩብ ኢንች የሆነ ስፌት ብሎኩን ያሳጥረዋል፣ ልምድ ያላቸው ሰዎች አንድ ሁለት የክር ውፍረት ቀነስ አድርገው የሚሰፉት ለዚህ ነው። 1 ሚሊሜትር ምን ያመጣል እንዳትሉ፣ ስፌቱ በ1 ሚሊሜትር ከሰፋ ከሁለቱም ጨርቅ ስለሚወስድ በአንድ ስፌት 2 ሚሊሜትር ጠፋ፣ 6 ቁራጭ የተደረደረበት ረድፍ ደሞ 5 ስፌት አለው፣ በቃ 1 ሴንቲሜትር ሄደ ማለት ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ 2 ተኩል ኢንች ስፋት ያላቸው 3 ረጃጅም ቁራጭ ጨርቆች ጎን ለጎን ሰፍታችሁ ተኩሱና መሃለኛውን ለኩት፣ ድፍን 2 ኢንች መምጣት አለበት። ካነሰ ስፌቱ ሰፍቷል፣ ከበለጠ ጠቧል፣ የመርፌውን ቦታ ትንሽ ገፋ አድርጋችሁ ድገሙት። ደሞ 12 ኢንች የሚባል ብሎክ ከሌላው ጋር ሳይሰፋ በፊት የሚለካው 12 ተኩል ነው፣ በየጎኑ ለስፌት ሩብ ኢንች ስለሚተው፣ ድፍን 12 ሆኖ ካገኛችሁት ልክ መጣ ብላችሁ እንዳትሸወዱ።

"ቢያንስ ስቤ፣ ቢበልጥ ከርክሜ አስተካክለዋለሁ።" በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ እኮ በጣም ይለጠጣል፣ ካውያውን እየጎተታችሁ ከተኮሳችሁት ካሬው ካሬነቱን ያጣል። ካውያውን አስቀምጦ ማንሳት ነው እንጂ መግፋት የለም። ክርከማ ደሞ ጫፋቸው ዳር ድረስ የሚደርስ ትሪያንግሎች ያሉት ብሎክ ላይ አደገኛ ነው፣ ለስፌት የተተወውን ሩብ ኢንች ከቆረጣችሁት ብሎኮቹ ሲጋጠሙ ሹል መሆን የነበረበት ጫፍ ስፌት ውስጥ ገብቶ ይጠፋል።

"ለሙከራ ያገኘሁት ቁርጥራጭ ይበቃል።" ግማሹ እውነት ነው፣ አሰራሩ ገብቷችሁ እንደሆነ ለማየት ይበቃል። ቀለሙን ግን አያሳያችሁም፣ ዋናው ጨርቅ ይለጠጥ አይለጠጥም አያሳያችሁም። ከዋናው ጨርቅ የተሰራውን ብሎክ በስልክ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አንሱት፣ ለየብቻ ያማሩ ሁለት ቀለሞች አንድ አይነት ግራጫ ሆነው ከታዩ ከርቀት ዲዛይኑ አይለይም። ቀይና ደማቅ ሰማያዊ ካለበት ከእያንዳንዱ ቁራጭ አርጥባችሁ ነጭ ጨርቅ ላይ ተጫኑት፣ ቀለም ከለቀቀ ሳይሰፋ ማወቁ ይሻላል።

"ፓተርኑ (የመቁረጫው ልክ ያለበት ወረቀት) ታትሞ የወጣ ነው፣ አይሳሳትም።" ይሳሳታል። ከኮምፒውተር የምታትሙት ከሆነ ደሞ ፕሪንተሩ ከወረቀቱ ጋር ለማስማማት ሊያሳንሰው ይችላል፣ መቶ ፐርሰንት ላይ አድርጉና ገጹ ላይ መለኪያ ካሬ ካለ በማስመሪያ አረጋግጡ።

"አንዱ ካማረ ሁሉም ያምራል።" ይሄ ብዙም አይወራለትም ግን ለኔ ከሁሉም በላይ መታወቅ ያለበት ነው። ብሎኮች ጎን ለጎን ሲሆኑ አንዱ ላይ ያልነበረ አዲስ ቅርጽ ይፈጠራል፣ አንዳንዴ ቆንጆ ኮከብ ይወጣል፣ አንዳንዴ ዝብርቅርቅ ያለ ነገር። ስፌቶች የሚገናኙበት ጥግ ላይም ብዙ ድርብ ጨርቅ ተደራርቦ ሊያብጥ ይችላል፣ አንዱን ስፌት ወደ ቀኝ ሌላውን ወደ ግራ አጥፋችሁ ከተኮሳችሁ ግን ተቆላልፈው ይቀመጣሉ። ይሄን አንድ ብሎክ ብቻውን አያሳይም፣ ስለዚ ከቻላችሁ 4 ሰርታችሁ አጋጥሙ፣ ካልቻላችሁ የአንዱን ፎቶ 4 ጊዜ አትማችሁ ደርድሩት።

"የሙከራው ብሎክ ለምንም አይሆንም" የሚሉም አሉ። ልኩ ከመጣ እዛው ኩዊልቱ ውስጥ ይገባል፣ ካልመጣ የትራስ ፊት ወይ የቦርሳ ኪስ ይሆናል። ከዛ በፊት ግን ጀርባው ላይ የመርፌውን ቦታ፣ የተጠቀማችሁበትን እግር፣ የክሩን አይነትና ስፌቶቹን ወደየት አጥፋችሁ እንደተኮሳችሁ በእርሳስ ጻፉበት፣ ስራው ለወራት ቆሞ ስትመለሱበት ያንኑ ስፌት መልሳችሁ የምታገኙት በዚህ ነው።