ካይዘን ምንድን ነው?

ካይዘን ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው የተጠረገ ወለልና በቢጫ ቀለም የተሰመረ መተላለፊያ ነው። እሱ መግቢያው ነው። በጃፓንኛ «ካይ» ለውጥ፣ «ዜን» ደግሞ መልካም ማለት ሲሆን፣ ቃሉ የቆመለት ሥራ በሠራተኛው እጅና ዓይን ውስጥ ተደብቆ የኖረውን ዕውቀት አውጥቶ፣ ሞክሮና ጽፎ የድርጅቱ ሁሉ ማድረግ ነው። አዲስ ማሽን ሳይገዛ ምርት የሚጨምረው በዚህ ምክንያት ነው።

አሠራሩ የተገነባው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጃፓን ፋብሪካዎች ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1950 አሜሪካዊው የስታቲስቲክስ ባለሙያ ኤድዋርድስ ዴሚንግ ስለ ጥራት ቁጥጥር ጃፓን ውስጥ አስተማረ፤ በ1951 ቶዮታ ሠራተኞች የማሻሻያ ሐሳብ የሚያቀርቡበትን ሥርዓት ዘረጋ። ወደ እኛ የመጣው በ2008 ዮኮሃማ ላይ ከተካሄደው የአፍሪካ ልማት ጉባኤ በኋላ አቶ መለስ ዜናዊ የጃፓንን ድጋፍ በመጠየቃቸው ነው። በ2009 በአዲስ አበባና በአካባቢዋ በሚገኙ 30 ገደማ ድርጅቶች ሙከራው ተጀመረ፤ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ።

ሥራው የሚጀመረው በአምስቱ «ማ»ዎች ነው፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ማጣራት ማለት ለምሳሌ በ30 ቀን ውስጥ ያልተነካ ዕቃ ላይ ቀይ ወረቀት ለጥፎ ከሥራ ቦታ ማውጣት ነው። በማስቀመጥ ጊዜ ፒንሳው፣ ካቻቢቴውና የ13 ቁልፉ ቅርጻቸው በተሳለበት ሰሌዳ ላይ ይሰቀላሉ፤ የጎደለው ባዶ ቅርጹን አሳይቶ ራሱን ያጋልጣል። ጥቅሙን በስሌት እንየው፦ 20 ሠራተኞች እያንዳንዳቸው በቀን 15 ደቂቃ መሣሪያ በመፈለግ ቢያጠፉ በቀን 5 ሰዓት፣ በ26 የሥራ ቀን 130 ሰዓት ይባክናል። ማጽዳት ደግሞ ምርመራ ነው። ማሽኑን በጨርቅ የሚወለውል ሰው የላላውን ብሎንና የሚያፈሰውን ዘይት የሚያየው ያኔ ነውና ይህን ሥራ ለጽዳት ሠራተኛ ማስተላለፍ ትልቅ ስህተት ነው። ማየት ያለበት በማሽኑ የሚሠራው ሰው ነው።

ከዚያ ወደ ችግሮቹ ይገባል። አንድ ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ በየቀኑ ጥቂት ሸሚዝ በዘይት እየተበላሸ ይወጣል እንበል። ለምን? ከመርፌው ዘንግ ዘይት ይንጠባጠባል። ለምን? ማሽኑ ከልክ በላይ ዘይት ተደርጎበታል። ለምን? የቀኑም የማታውም ፈረቃ ያጠጡታል። ለምን? አንዱ ሌላው ማጠጣቱን አያውቅም። ለምን? የተጻፈበት ቦታ የለም። መፍትሔው ማሽኑ ላይ የምትንጠለጠል፣ ቀን፣ ሰዓትና ፊርማ የሚሰፍርባት አንዲት ወረቀት ሆነች። በመጀመሪያው «ለምን» ላይ ያቆመ ሰው መለዋወጫ ይገዛ ነበር። ከዚህም በላይ ከባዱ ጥፋት «ማን ነው?» ብሎ መጀመር ነው፤ ሠራተኛው ጥፋተኛ እንደሚፈለግ ከጠረጠረ የሚያውቀውን ይደብቃል፤ ያን ጊዜ ከካይዘን የሚቀረው ሰሌዳውና ቀለሙ ነው።

ብዙ ድርጅት የሚሳሳትበት ሌላው ነገር የትኛውን ሥራ ማሻሻል እንዳለበት አለመለካቱ ነው። የእጅ ሰዓት ይዞ እያንዳንዱን ሥራ 10 ጊዜ መለካት ይበቃል። በስፌት ቤቱ የአንድ ሸሚዝ አራት ተከታታይ ሥራዎች 40፣ 55፣ 90 እና 45 ሰከንድ ከወሰዱ፣ መስመሩ በሰዓት የሚያወጣው 40 ሸሚዝ ብቻ ነው፤ ሁሉም የሚጠብቀው ባለ 90ውን ነውና። የመጀመሪያውን ከ40 ወደ 30 ማውረድ ምርት አይጨምርም፤ ሁለተኛው ፊት የሚከመረውን ጨርቅ ብቻ ያበዛል። ሦስተኛውን ወደ 72 ካወረድነው ግን በሰዓት 50 ይወጣል። እንዴት እንደሚወርድ የምታውቀው ብዙ ጊዜ እዚያው የተቀመጠችው ሰፊ ናት፦ ኮሌታው ተገልብጦ ስለሚደርሳት በእያንዳንዱ ላይ ማገላበጫ ጊዜ እንደምታጠፋ ጠይቋት የሚያውቅ የለም።

አዲሱ አሠራር ሲረጋገጥ ይጻፋል። አንድ ገጽ፣ በአማርኛ ወይም ሠራተኛው በሚያነበው ቋንቋ፣ ትክክለኛውና የተሳሳተው ጎን ለጎን በፎቶ የሚታይበት፣ የተሻሻለበት ቀን ያለበት። ቢሮ ፋይል ውስጥ የተቀመጠ መመሪያ ዋጋ የለውም፤ ወረቀቱ ቆሞ ወይም ተቀምጦ በሚሠራው ሰው ዓይን ፊት መሰቀል አለበት። የሰለጠነ ሠራተኛ ሥራ ለቆ ሲሄድ ድርጅቱ ምን ያህል እንደተማረ የሚታየው እዚህ ላይ ነው፦ አዲሱ ሰው ወረቀቱን እያየ በስንት ቀን የቀድሞውን ፍጥነት እንደያዘ ይለካል።

አብዛኛው ሙከራ የሚከሽፈው አራተኛውና አምስተኛው «ማ»፣ ማለትም ማላመድና ማዝለቅ ላይ ነው። አሰልጣኙ ከሄደ በኋላ የየሳምንቱ የ30 ደቂቃ የቡድን ስብሰባ ይቀራል፤ የቀረበ ሐሳብም መልስ ሳያገኝ ይከርማል። «አይሆንም» ቢባል እንኳ ምክንያቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ለባለ ሐሳቡ በቃል መነገር አለበት፤ ዝም የተባለ ሠራተኛ ሁለተኛ አይጽፍም። ድርጅቱን ለመጎብኘት የሚሄድ ሰው ከወለሉ ይልቅ የተሰቀሉትን ወረቀቶች ቀን ይመልከት። ሁሉም ከሁለት ዓመት በፊት የተጻፉ ከሆኑ እዚያ ካይዘን ቆሟል።